«የመቅደላው ሎርድ» አሁንም አለ ወይ?

ባለፈው እትም ስለ ልዑል ዓለማየሁ አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ የጥያቄ ሳጥናችን በሎርድና በባሮን (ባሮን ከእንግሊዝ የሎርድነት ማዕረጎች ዝቅተኛው ነው) ተሞላ፤ የሚገርመው ደግሞ አብዛኛው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምድ ሙሉ በሙሉ የሐዋሳ አንባቢዎች ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ፦ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው። የልጅ ልጄ ሰሞኑን ስልኩን ይዞ መጣና እንግሊዝ አገር እስከ ዛሬ ‹የመቅደላ ባሮን ናፒየር› የሚባል ማዕረግ አለ ብሎ አሳየኝ። ዕድሜ ልኬን ስለ መቅደላ ሳስተምር ይህን ነገር አልሰማሁም። እውነት ነው? ጄኔራሉ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ማን ነው የሚይዘው? መቅደላ ላይስ መብት አለን ይላሉ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ የልጅ ልጅዎ ልክ ነው። ማዕረጉ አልጠፋም። መቅደላ ላይ ግን ቅንጣት መብት የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም።

ዘመቻውን እርስዎ ነዎት ለእኛ የሚያስተምሩን፤ ለሌላው አንባቢ ብቻ ባጭሩ ልበለው። እንግሊዛዊው ጄኔራል ሮበርት ናፒየር በ1868 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረደ። 13,000 ገደማ ወታደር (አብዛኛው ህንዳዊ ነበር) እና 44 ዝሆን አስከትሎ ነበር፤ ያ አልበቃ ብሎት ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ተራራው ግርጌ ሐዲድ አስዘርግቶ ባቡር አስኬደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ መቅደላ ተያዘች። አጼ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ። አምባው ተቃጠለ፤ ከግምጃ ቤቱና ከቤተ ክርስቲያኑ የተዘረፈው መጽሐፍ፣ መስቀልና አልባሳት ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተቸበቸበ። ሦስት ወር እንዳለፈ፣ በሐምሌ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ሰውየውን ባሮን አደረጉት። የማዕረጉ ሙሉ ስም «ባሮን ናፒየር ዘመቅደላ፣ በአቢሲኒያ የምትገኘው መቅደላ፣ እና በቼስተር ግዛት የምትገኘው ካሪንግተን» ዓይነት ነገር ነው። የአንድ አምባ ስም እንግሊዝ የመኳንንት መዝገብ ውስጥ የገባው እንደዚህ ነው።

ለምን መቅደላ ተጨመረች? አንደኛው ምክንያት ጉራ ነው፤ የድል ቦታን ስም ማዕረግ ላይ መለጠፍ ልማዳቸው ነው። የናይሉ ኔልሰን፣ የካርቱሙ ኪችነር፣ የኤል አላሜይኑ ሞንትጎመሪ አሉ። ናይል የኔልሰን እንዳልሆነ ሁሉ መቅደላም የናፒየር አይደለችም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ብዙም አይወራም፤ ሌላ ሎርድ ናፒየር ነበር! ከስኮትላንድ ነው፣ ማዕረጉም ከ1627 ጀምሮ የቆየ ነው። ይባስ ብሎ በ1870 የኛው ናፒየር የህንድ ጦር ዋና አዛዥ ሆኖ ሲሄድ ያኛው ናፒየር የማድራስ አስተዳዳሪ ሆኖ እዚያው ህንድ ተቀምጧል። «ለሎርድ ናፒየር» ተብሎ የተላከ ደብዳቤ የቱ ጋ ይድረስ? «የመቅደላው» ካላሉ በስተቀር መለያ የለም።

ገንዘብም ተሰጥቶታል። ፓርላማው በዓመት 2,000 ፓውንድ ቆረጠለት፤ ግን ለእሱና ከእሱ ቀጥሎ ለሚተካው ወንድ ወራሽ ብቻ ነው። ዘመቻው ራሱ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ በልቷል፤ መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ይበቃል ተብሎ ነበር የተጀመረው።

አሁን ወደ ውርሱ ልምጣ። ማዕረግ በኑዛዜ አይተላለፍም። ባሮኑ «ታላቁ ልጄ አስመርሮኛልና ታናሹ ይውሰደው» ብሎ ቢናዘዝ ከንቱ ድካም ነው። ሁሉንም የሚወስነው ማዕረጉ መጀመሪያ ሲሰጥ በንግሥቲቱ ማኅተም የወጣው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ «ለእሱና ከአብራኩ በሕጋዊ ጋብቻ ለተወለዱ ወንድ ወራሾቹ» ይላል። የማደጎ ልጅ ከአብራኩ አይደለም፣ ስለዚህ አይወርስም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ አይወርስም። ሴት ልጅ አትወርስም። የአጎት ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ የፈለገ ሩቅ ዘመድ ቢሆን በወንድ መስመር ከመጀመሪያው ባለማዕረግ እስከተወለደ ድረስ ተራው ሊደርሰው ይችላል፤ የመጀመሪያው ባለማዕረግ የወንድሙ ዘር ከሆነ ግን አለቀ፣ በሩ ዝግ ነው። ባለማዕረጉ ሚስቱን ነፍሰ ጡር አድርጎ ቢሞትና ሌላ ወንድ ልጅ ባይኖረው ልጁ እስኪወለድ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የወንድ መስመሩ ከተቋረጠ ማዕረጉ አብሮ ይሞታል።

የናፒየር ማዕረግ ያልሞተው ሰውየው ሁለት ጊዜ አግብቶ ልጅ በልጅ ስለሆነ ነው። እሱ በ1890 ሞተ፣ ታላቁ ልጁ ወረሰ። ያ ልጅ በ1921 ወንድ ወራሽ ሳይተው ሞተ፤ ወንድሙ ተተካ። እሱም በ1935 እንዲሁ። ከዚያ ከሁለተኛዋ ሚስት የተወለደው ወንድማቸው ገባና እስከ 1948 ቆየ። እስቲ ያስቡት ጋሼ፦ አባትየው የተወለደው በ1810 ነው፣ ልጁ የሞተው በ1948። መቅደላን ያስቃጠለው ሰው የገዛ ልጁ እኛ ጣሊያንን አስወጥተን ስንረጋጋ እንኳ በሕይወት ነበር! በኋላ የዚህኛው ልጅ አምስተኛው ባሮን ሆኖ እስከ 1987 ያዘው፣ ቀጥሎ ደግሞ የእሱ ልጅ ስድስተኛው ሆነ።

ዛሬ ወራሽ ነኝ የሚል ሰው ዝም ብሎ ሎርድ ነኝ አይልም። ከ2004 ጀምሮ መንግሥት የሚይዘው የባለማዕረጎች መዝገብ አለ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ማስረጃ አቅርቦ ካልተመዘገበ በይፋ ደብዳቤ ላይ በማዕረጉ አይጠራም። (ክፍለ ከተማ ሄዶ ፋይል ሲያፈላልግ የዋለ ሰው ይህን ሲሰማ ብቻዬን አይደለሁም ይላል።) ፓርላማ መቀመጫውም ቢሆን የለም። በ1999 በወጣው ሕግ በውርስ ሎርድ የሆኑት ከላይኛው ምክር ቤት ወጡ፤ ያኔ የቀሩት 92 ብቻ ነበሩ፣ ከ600 በላይ የሚሆኑት ዕቃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። መሬትም ከማዕረጉ ጋር የግድ አይመጣም። በደመወዝ የሚኖር፣ ተራ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሎርድ አለ።

እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነበር፤ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ራስነትና ደጃዝማችነት በሹመት እንጂ በውርስ አይገኝም። የራስ ልጅ «ልጅ እገሌ» እየተባለ ያድጋል፤ ንጉሡ ደስ ካላቸው ይሾማል፣ ካላላቸው እንደ «ልጅ» ሸብቶ ይቀራል። የሚወረሰው ርስቱ ነበር። ወደ ፈረንጁ መንገድ የቀረበው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለልጃቸው ለልዑል መኮንን የሰጡት «መስፍነ ሐረር» ነው፤ ፈረንጆቹ ዱክ እያሉ ይጠሩት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ዘውዱን ሲሽር ያም ቀረ።

መብት ላሉት፦ መቅደላ ደቡብ ወሎ ውስጥ ናት፣ ሴባስቶፖል መድፍም እዚያው አምባው ላይ አለ። እንግሊዝ አቃጥላ ወጣች እንጂ ቦታውን የኔ ብላ አልያዘችም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የአሸናፊው ስም በሕግ ተጠብቆ ከልጅ ወደ ልጅ እየተሻገረ ስድስተኛው ላይ ደርሷል። የተሸናፊው ልጅ ዓለማየሁ ግን እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞተውበት፣ በባዕድ አገር አድጎ፣ በ1879 በ18 ዓመቱ አረፈ፤ አፅሙ ዊንዘር ነው። ይመለስልን ሲባል ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሌሎችን አፅም ሳንረብሽ ማውጣት አንችልም አለ። ደብዳቤ በማክበር የሚታወቅ አገር ስለ አፅም ሲጠየቅ እንዲህ መሆኑ ለኔ አይዋጥልኝም።

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነኝ። ሴት ልጅ ማዕረግ አትወርስም የሚባለው አሁንም ይሠራል? ያውም ንግሥት ስንት ዓመት ነግሣባቸው?»

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ አሁንም ይሠራል። ንግሥት ኤልሳቤጥ 70 ዓመት ነገሡ፣ በሥራቸው ያሉት የባሮን ሴት ልጆች ግን ታናሽ ወንድማቸው ሲቀድማቸው ኖሩ። በ2013 የወጣው ሕግ ዘውዱን ብቻ ነው የነካው፤ ታላቅ ልዕልት በታናሽ ወንድሟ አትቀደምም አለ። የመኳንንቱን ማዕረግ ግን እንዳለ ተወው። አንቺ ከምታጠኚው የኛ የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ ጋር አስተያዪው፤ እዚያ በውርስ ጊዜ ወንድ ሴት የለም፣ ከጋብቻ ውስጥ ከጋብቻ ውጭም የለም። እርግጥ የኛው ንብረት ነው፣ የነሱ ስም ነው።

ለየት ያሉ ግን አሉ። ብዙ የስኮትላንድ ማዕረጎች ወንድ ልጅ ከሌለ ለሴት ይወርዳሉ። በጣም የቆዩት የእንግሊዝ ባሮንነቶችም እንዲሁ፤ እዚህ ጋ ግን አንድ ጉድ አለ። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ካለች ችግር የለም፣ ትወርሳለች። ሁለት ወይም ሦስት እህትማማች ከሆኑ ግን እኩል ወራሽ ናቸው ይባልና ማዕረጉ አንድ ነገር ስለሆነ አይከፈልም፤ ስለዚህ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ማንም አይይዘውም። የእህቶቹ ዘር አልቆ አንዲት መስመር እስክትቀር ወይም ንጉሡ አንዷን መርጦ እስኪሰጥ መቶ ዓመታት ተንጠልጥለው የቆዩ ማዕረጎች አሉ።

ሌላው መንገድ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው አስተካክሎ ማስጻፍ ነው። ይህን ሳስብ ሁሌ የሚመጣብኝ ሮበርትስ ነው፤ በ1868 ዙላ ላይ የዘመቻውን ጭነት ሲያወርድና ሲያስጭን የነበረ መኮንን ነው፣ በኋላ ፊልድ ማርሻል ሆነ። አንድ ወንድ ልጁ በ1899 በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ሞተበት። ስለዚህ በ1901 ኧርል (ከባሮን ከፍ ያለ ማዕረግ ነው) ሲባል ማዕረጉ ለሴት ልጆቹ እንዲወርድ ሆኖ ተጻፈ። በ1914 ሲሞት ታላቋ ወረሰች፣ ከእሷ በኋላ እህቷ፤ በ1955 እሷም ስትሞት ማዕረጉ አበቃ። የመጨረሻው የህንድ እንግሊዛዊ እንደራሴ ማውንትባተንም ወንድ ልጅ ስላልነበረው እንዲሁ አስጽፎ ነበር፤ በ1979 በቦምብ ሲገደል ልጁ ፓትሪሺያ ወረሰች። የእሷን ለየት የሚያደርገው ላይኛው ምክር ቤት ገብታ መቀመጥ መቻሏ ነው። ከ1963 በፊት ሴት በውርስ ባለማዕረግ ብትሆን እንኳ ምክር ቤቱ ውስጥ ወንበር አልነበራትም።

በነገራችን ላይ በዚያው የ1963 ሕግ ማዕረጉን አልፈልግም ማለት ተፈቅዷል። ቶኒ ቤን የሚባል ፖለቲከኛ ነው ያስቀየረው። አባቱ ሲሞቱ ሳይወድ በግድ ሎርድ ሆነ፣ ሎርድ ደግሞ የሕዝብ ተመራጭ መሆን አይችልም ተብሎ ከታችኛው ምክር ቤት አባረሩት። ተሟግቶ ሕጉ ሲለወጥ የመጀመሪያው አልፈልግም ባይ ራሱ ሆነ።

ጥያቄ፦ «ባጃጅ ነው የምሠራው፣ መናኸሪያ አካባቢ። ፌስቡክ ላይ ‹ስኮትላንድ ውስጥ ትንሽ መሬት ግዛ፣ ሎርድ ተባል፣ ሰርተፍኬት በፖስታ እንልካለን› የሚል ማስታወቂያ ያለማቋረጥ ይመጣብኛል። ለፋዘር ልደት ባስልክለት ብዬ ነበር። ያዋጣል ወይስ ሸወዳ ነው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሳቅ ከሆነ ግዛ። ለማዕረግ ከሆነ ብርህን ያዝ።

የሚሸጡት መሬት ስንዝር በስንዝር የምታህል፣ አንድ እግር ብቻ የምታስቆም ነገር ናት። የስኮትላንድ የመሬት ምዝገባ ሕግ እንዲህ ያለችውን ቁራሽ የማስታወሻ መሬት ብሎ ይጠራትና በስምህ አልመዘግብም ይላል። እዚያ አገር ስለ ማዕረግና አርማ የሚወስነው መሥሪያ ቤትም ይህቺን መሬት በመግዛት ማዕረግ አይገኝም ብሎ ጨርሷል። ማስታወቂያው ላይ የሚጠቀሙባት «ሌርድ» የምትባለው ስያሜ ትልቅ የገጠር ይዞታ ያለው ሰው በአካባቢው የሚጠራባት ናት፤ ባለርስት እንደማለት ነው። ሎርድ አይደለችም። ፋዘርህ ሰርተፍኬቱን ሳሎን ሰቅለው እንግዳ ሲመጣ ሊቀልዱበት ይችላሉ፣ ያ ራሱ ምንም አይደል። ኤምባሲ ሄደው ሎርድ ነኝ እንዳይሉ ብቻ።

እውነተኛውን ማዕረግ መሸጥ ደግሞ ወንጀል ነው። ድሮ በድብቅ ይሸጥ ነበር፤ በጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ ዘመን ዋጋው በየክበቡ የሚታወቅ እስኪመስል ደርሶ ነበር። ቅሌቱ ሲወጣ በ1925 የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሞንዲ ግሪጎሪ የሚባለው ደላላ ግን እጁን አልሰበሰበም፤ በ1933 ተይዞ ሁለት ወር ታሰረ፣ 50 ፓውንድም ተቀጣ። ለእንደዚያ ዓይነት ገበያ ቅጣቱ ትንሽ አልመሰለህም?

አንድ ሌላ ነገርም ይሸጣል፣ እሱ ሕጋዊ ነው። «የማነር ሎርድ» ይባላል። የድሮ ጭሰኛ ያስተዳድር የነበረ ጌታ ስያሜ ነው፤ እንደ ማንኛውም ንብረት በሐራጅ ይወጣል። ገዢው ወረቀቱን ያገኛል፣ ከመኳንንቱ መዝገብ ግን አይገባም።

ጥያቄ፦ «ሰር እና ሎርድ አንድ ናቸው? ከታቦር።»

መልስ፦ አይደሉም። ሰርነት ብዙውን ጊዜ ሰውየው ለሠራው ሥራ የሚሰጥ ነው፣ ከሱ ጋር ይቀበራል። አሌክስ ፈርጉሰን በ1999 ሰር ሆኑ፤ ልጃቸው በውርስ ሰር አይሆንም። ከዚህ የሚወጣው ባሮኔት የሚባለው ነው። ባሮኔት ሰር ይባላል፣ ሎርድ አይደለም፣ ማዕረጉ ግን ይወረሳል። በ2016 ፕሪንግል የሚባል የስኮትላንድ ቤተሰብ በዚህ ማዕረግ ተካሰሰ። የዘረመል ምርመራ ሲደረግ ከብዙ ዓመት በፊት የወረሰው ሰው የባለማዕረጉ የአብራክ ልጅ አለመሆኑ ወጣ። ዳኞቹ ማስረጃውን ተቀብለው ማዕረጉን ወደ ሌላኛው የቤተሰቡ መስመር አዛወሩት። ስንቱ ሎርድ ያን ቀን እንቅልፍ እንዳጣ እግዜር ይወቀው።

እኛ አገር ሁሉም «ሰር ቦብ» የሚለው ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ደግሞ በወጉ ሰር አይደለም። በ1986 ኒሻኑን ተቀብሏል፤ ነገር ግን የአየርላንድ ዜጋ ስለሆነ የተሰጠው የክብር ብቻ ነው፣ ስሙ ላይ «ሰር» አያስጨምርም።